ስለቱን ማን ሳለው?
(ከሐይቅ እስጢፋኖስ ብራና እስከ መሳያው መደገፊያ)

ስለ ሐይቅና ስለ አምባሰል ታሪክ ተጻፈ ሲባል ምን ምን እንደሚነሳ ሁላችንም እናውቃለን። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ይነሳሉ፤ የግሸን አምባና በላዩ ተግዘው የኖሩት የነገሥታት ልጆች ይነሳሉ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ምድር፣ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው የውጫሌ ውል ከነአሥራ ሰባተኛው አንቀጹ ይነሳል። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በአምባሰል ስም ስለሚጠራ፣ መካከላችን ክራር የሚመታ ካለ እሱም ሳይነሳ አይቀርም። እኛ ዛሬ ልናነሳ ያሰብነው ግን ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ቁጭ ብሎ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ነገር ነው፤ ስለትን። መጥረቢያው፣ መሮው፣ መላጊያውና ካራው እንዴት እንደሚሳል፣ ማን እንደሚስለው፣ የሚስለውም ሰው ምን ተብሎ እንደኖረ።

«ይኼ ደግሞ ምኑ ታሪክ ነው?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ብለን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ሦስት የወሎ ልጆች ለዕረፍት አገር ቤት ገብተን፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱን ተጠግተው ከሚሠሩ አንድ አናጢ ደጅ እንውል ነበር። አናጢው በርና መስኮት፣ አልጋና ቁምሳጥን ይሠራሉ፤ ሰው ሲያዛቸው የክራር ገበታም ይፈለፍላሉ። አንድ ቀን ለሶላት ወጣ ሲሉ ከመካከላችን አንዱ (ስሙን አንጠቅስም፤ ይህን ከሚጽፉት አንዱ መሆኑን ግን አንደብቅም) መሮውን አነሳና የኤሌክትሪኩን መሳያ አስነሳ። ብልጭታው ሲያምር! መሮውን ድንጋዩ ላይ ጫን አደረገው። የመሮው አፍ መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ቡናማ፤ ከዚያም ጥርት ያለ ሰማያዊ። እኛ ያማረ መሰለን። «አየህ፣ ቀለም እንኳ አወጣለት!» ያለም ነበር።

አናጢው ሲመለሱ መሮውን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት። «ወላሂ ገደላችሁት!» አሉ። ድንጋጤያችንን ሲያዩ ደግሞ ሳቅ አሉና «አብሽሩ፣ ልጆቼ፤ ብረት እንጂ ሰው አይደለም» አሉን።

ምን እንደገደልን ያስረዱን እሳቸው ናቸው፤ ዲግሪውን ያገኘነው በኋላ ከመጻሕፍት ነው። መሮ የሚሠራበት የካርቦን ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ሠሪው መልሶ በጥቂቱ ያሞቀዋል፤ ከ200 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል የገለባው ቢጫ ይታያል፤ እዚያ ላይ ያቆመዋል። ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊው ይመጣል፤ ያን ጊዜ ብረቱ ለምንጭ እንጂ ለስለት አይሆንም። የመሮ አፍ ደግሞ እየሳሳ የሚሄድ ነውና ሙቀቱ የሚሸሽበት ሥጋ የለውም። ድንጋዩ በደቂቃ 2,900 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጠርዙ በሰከንድ 23 ሜትር ያህል ይሮጣል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ሁለት ሦስት ሰከንድ መጫን ይበቃል። አንዴ ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ጥንካሬው አይመለስም፤ የተቃጠለውን ሁሉ ፈግፍጎ ወደ ጤናማው ብረት መድረስ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ያን ዕለት ማታ ወደ ሐይቁ ወርደን ስንቀመጥ ወሬያችን ሁሉ ይኸው ሆነ። ፊት ለፊታችን ቀድሞ ደሴት የነበረው፣ አሁን ከየብሱ ጋር የተያያዘው የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ተምረው በ1240 ዓ.ም. ገደማ እዚህ መጡ፤ ገዳሙ ከዚያ በኋላ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆነ፤ አበምኔቶቹም ዐቃቤ ሰዓት እየተባሉ ቤተ መንግሥት ድረስ የሚሰሙ ሰዎች ሆኑ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ያወጡት ጥናት ይህን ሁሉ በዝርዝር አስቀምጦታል። በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀው አራቱ ወንጌል የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ማለት ነው።

ታዲያ ያ መጽሐፍ በምን ተሠራ? «በብዕርና በቀለም» ይባላል። ቀስ ብለን እንየው። ቆዳው በእንጨት ተወጥሮ ሥጋውና ጠጉሩ በስለት ይፋቃል፤ ስለቱ ከደነዘ ይጫጭረዋል፣ ያለ ልክ ከተጫነም ይቀድደዋል፤ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል። ብዕሩ ከመቃ ተቆርጦ በካራ ይቀረጻል፤ ጫፉ በየጊዜው ስለሚሞት ጸሐፊው ካራውን ከአጠገቡ አያርቅም። መጽሐፉ የሚደጎስበት የእንጨት ገበታ ከወይራ ወይም ከዋንዛ ተፈልጦ ይጠረባል፣ ይላጋል፣ ለክሩ ይበሳል። እንግዲህ አንድ ፊደል ከመጣሉ በፊት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ስለት ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። በብራና መጻሕፍት ላይ ያጻፈው ሰው ስም ይጻፋል፤ የጻፈውም «አትርሱኝ» ብሎ አልፎ አልፎ ስሙን ያኖራል። ካራውን የቀጠቀጠውንና የሳለውን ሰው የሚጠራ ማስታወሻ ግን እኛ እስካሁን አላየንም። የውጫሌው ውል ጸሐፊም ብዕሩን በጥርሱ አልቀረጸውም።

ትንሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ አሻግረን ላሊበላን ብንመለከትም ነገሩ ያው ነው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ዓለት ሲፈለፈሉ የመሮውና የመጥረቢያው ዱካ በየግድግዳው ቀርቷል። ቀን ሰዎች የሠሩትን ያህል ሌሊት መላእክት ይጨምሩበት ነበር ይባላል። በትውፊቱ ላይ ክርክር ለመክፈት አይደለም፤ የእኛ ጥያቄ ትንሽ ነው። ድንጋይ የሚፈለፍል መሮ ቶሎ ይደንዛል። በዚያ ሁሉ ዓመት ከጉድጓዱ አጠገብ ወናፍ እየነፋ፣ የደነዘውን እያጋለ፣ እየቀጠቀጠ የሚመልስ ሰው መኖር ነበረበት። ከፈልፋዮቹ ያላነሰ ሥራ ነበረው፤ ወሬው የለም።

በምዕራብ በኩል ደግሞ መቅደላ አለ። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ 7 ቶን የሚገመተው ሴባስቶፖል ተጎትቶ እዚያ አምባ ላይ የወጣው በ1860 ዓ.ም. ነው። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። ለሠረገላው እንጨት ስለ ጠረቡት መጥረቢያዎች የጻፈ ካለ ግን ያሳየን።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱን ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል። ቀጥቃጭ «ጠይብ» ነው፤ ጠይብ «ቡዳ» ነው፤ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል። ጠቢብ ከሚለው የክብር ቃል ስድብ አውጥተን ተጠቀምንበት። ማረሻውን ከእጁ እንቀበላለን፤ ልጁን ግን አናገባም። በእሱ ስለት ያረስነውን እየበላን እሱ ሲያየን ምግባችንን እንሸፍናለን። ይህን ያደረገው ባላባቱ ብቻ ነው ብለን ለመሸሽ ብንሞክር አያምርብንም፤ ምስኪኑ ገበሬም አድርጎታል፣ ቄሱም ሼሁም ዝም ብለው አይተዋል፣ አያቶቻችንም አድርገውታል። አጼ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል የሚል መንፈስ ያለው ነው። አዋጁ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ግን አዋጅ ምላስን ለአንድ ሰሞን ይይዝ እንደሆነ እንጂ፣ ሆድን አይይዝም፤ ስድቡም ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው በሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ያለውን ታሪክ ያስታውሳል። በእስራኤል አገር ቀጥቃጭ አልነበረም፤ ስለዚህ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር፤ ዋጋም ይከፍል ነበር። እነሱስ ቀጥቃጭ እንዳይኖራቸው የከለከላቸው ጠላት ነው። እኛ ግን ቀጥቃጭ እያለን ከመንደር ዳር አስቀመጥነው።

አሁን ወደ ዞሮ ወደሚስለው ድንጋይ እንምጣ። እጀታ ያለው ተሽከርካሪ መሳያ በአውሮፓ ከታየባቸው ሥዕሎች የመጀመሪያው የሚገኘው በዳዊት መጽሐፍ ውስጥ መሆኑን ስናነብ ተገርመናል። በዘጠነኛው መቶ ዓመት የተሣለውና በሆላንድ አገር በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የሚጠበቀው መዝሙረ ዳዊት፣ በእኛ ዳዊት 63ኛው በሆነው መዝሙር ላይ ምላሳቸውን እንደ ሰይፍ ስለሚስሉ ሰዎች የሚናገረውን ቃል በቃሉ ወስዶ ሰይፍ ሲሳል ያሳያል። በአንዱ በኩል ኃጥኣን በተራ ሞረድ ይስላሉ፤ በሌላው በኩል ጻድቃን አንዱ እጀታ እየዘወረ ሌላው በክብ ድንጋይ ይስላል! ሠዓሊው አዲሱን መሣሪያ ለጻድቃን መስጠቱን የታሪክ ጸሐፊው ሊን ኋይት አስተውሎታል። እኛ ደግሞ መሣሪያውን የያዘውን ሰው ቡዳ አልነው። በአንድ መዝሙር ስንጸልይ ኖረን!

የድንጋዩ ታሪክ ከዚያ በኋላ ረጅም ነው፤ በአጭሩ እንለፈው። በውሃ ኃይልና በእግር መርገጫ እየዞረ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቼሰን በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲሊከን ካርባይድን ሠራ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ ማለትም በአድዋ ዘመን፣ ከቦክሳይት የሚቀልጠው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ መሳያ ተከተለ። ዛሬ ብረት የሚሳልበት ድንጋይ በአብዛኛው ይኸኛው ነው። ወደኛ የመጣው በመኪና መንገድ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩበት ጊዜ ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ አሥመራ የሚያልፈውን መንገድ ሠሩ። ወራሪው ሲባረር መንገዱም ቃሉም ቀረ። አናጢያችን ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሞራሌ፣ ኮምፖርሳቶ ሲሉ ጣሊያንኛ እየተናገሩ መሆናቸው ትዝ አይላቸውም። መሮ፣ መጋዝና መጥረቢያ የሚሉት ቃላት ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ወራሪው እንጨት መጥረብን አላስተማረንም ማለት ነው፤ መቆንጠጥንና ማሰርን ግን ያስተማረን ይመስላል። (ይህ የቋንቋ ክፍል ጓደኞቻችን ሊጣሉን የሚችሉበት ግምት ነው።)

ለመሆኑ ያን የተቃጠለ መሮ አናጢው እንዴት አዳኑት? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጽሑፋችን ሁሉ የተነሳው ከዚህ ነው።

ከመሳያው ፊት ከአንጎላሬ ብረት የተሠራ መደገፊያ አለ። በቡሎን ይላላል፣ ይጠብቃል፤ ቀና ደፋ ይላል። በድንጋዩና በመደገፊያው መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ ከሰፋ መሮው ከነጣት ይጎተትና ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል። ድንጋዩንም ከማሰራቸው በፊት በመሮ እጀታ ኳ ያደርጉታል፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው፤ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ካፈነ ይጥሉታል። በመደገፊያው ላይ ደግሞ ከወይራ ቁራጭና ከሁለት ቡሎን የተሠራ መያዣ ይንሸራተታል። መሮው በመያዣው ውስጥ ተቆንጥጦ ይታሰራል። በሌላው ዓለም ጂግ የሚሉት ይኸው ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ መሮው በሄደ በመጣ ቁጥር በዚያው ማዕዘን ድንጋዩን እንዲነካ ማድረግ።

ማዕዘኑን እንዴት እንደሚያውቁት ጠየቅን። «ጋሼ፣ ፕሮትራክተር አለዎት?» ብንላቸው ሳቁ። የተቆረጠው ፊት ርዝመት የብረቱን ውፍረት እጥፍ ሲሆን ልክ ነው አሉን። ደብተር አውጥተን ሠራነው፤ ውፍረቱ 4፣ ፊቱ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሳይኑ ግማሽ ነው፤ 30 ዲግሪ! ለዋንዛና ለመሳሰለው ለስላሳ እንጨት ፊቱን ትንሽ ያስረዝሙታል፤ 9 ሚሊ ተኩል ቢሆን 25 ዲግሪ ይመጣል። ለወይራ ያሳጥሩታል። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ትሪጎኖሜትሪን ምን ይሠራልናል ብለን ስናማ እሳቸው በዐይናቸው ሲሠሩበት ኖረዋል።

ከዚያ ፊቱን በእስክሪብቶ ቀለም ቀቡት፤ ድንጋዩን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩትና ቀለሙ የተፋቀው የት ላይ እንደሆነ አዩ። ላይ ከሆነ መደገፊያውን አዘነበሉት፤ ታች ከሆነ ቀና አደረጉት። መሐል ላይ ሲያርፍ ቡሎኑን አጠበቁ። ቀጥሎ አስነሱት፤ ነካ፣ ነካ፣ ውሃ ውስጥ፤ ነካ፣ ነካ፣ ውሃ ውስጥ። አንድ ነገር አስጠነቀቁን። ባዶ እጅ ሲስሉ ጣት ከስለቱ አጠገብ ስለሆነ ሙቀቱን ይሰማል፤ መያዣው ግን ጣትን ያርቃልና ብረቱ ሲቃጠል እጅ አያውቅም። ምቾቱ ያመጣው አደጋ ነው። ሰማያዊው ሁሉ ካለቀ በኋላ መሮውን ከመያዣው አውጥተው በሞረድ ጨረሱት፤ በጀርባው በኩል በጣት የሚዳሰሰው ስስ የብረት ክንፍ እስኪወድቅ ድረስ።

ይህን የሙቀት ጣጣ ለመሸሽ በሌላው ዓለም ያደረጉትንም አንብበናል። ቶርሜክ የሚባለው የስዊድን ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ በውሃ ውስጥ በደቂቃ 90 ጊዜ ብቻ የሚዞር ትልቅ ድንጋይና ለየስለቱ የሚሆን መያዣ ይሠራል። በዚያ ዝግታ ብረት አይቃጠልም። ዓመቱን ስናይ ግን ሌላው ሁሉ ጠፍቶን ዝም አልን። 1973 ማለት ወሎ በረሃብ ያለቀበት ዓመት ነው፤ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎን ዞረው ያነሱትን ፎቶግራፍ ለተማሪው ያሳዩበት ዓመት። በዚያ ዓመት የአምባሰል ሰው የሚያርስበት በሬ እንጂ የሚስልበት ድንጋይ አልጨነቀውም።

ከዚህ በኋላ በእኛ መካከል ክርክር ተነሳ፤ እስካሁን አልበረደም። አንደኛው ወገን መያዣው የሙያ ጠላት ነው ይላል። አርባ ዓመት በእጅ የተጠራቀመ ዕውቀት ወደ አንድ ቁራጭ እንጨትና ሁለት ቡሎን ገብቶ ካለቀ፣ ነገ ባለቡሎኑ እንጂ ባለሙያው አይፈለግም፤ በፋብሪካ ዓለም የሆነውም ይኸው ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዕውቀቱ በእጅና በደም ውስጥ ተደብቆ መኖሩ ነው ቡዳ ያሰኘው ባይ ነው። አባት ለልጁ ብቻ ሹክ የሚለው ነገር ለጎረቤቱ ምሥጢር ነው፤ ምሥጢር ደግሞ ያስፈራል። ማዕዘኑ ተለክቶ ከወጣ ማንም ይማረዋል፤ ማንም የሚችለውን ነገር በጅብ አያሳብቡም። እኛ፣ ማለትም ከሦስታችን ሁለታችን፣ ወደ ሁለተኛው እናደላለን። ሆኖም የመጀመሪያውን ሐሳብ በቀላሉ መጣል አልቻልንም፤ ምክንያቱም በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ብለው ወደሚኖሩ አንድ ቀጥቃጭ ሄደን ነበር።

ሽማግሌ ናቸው። ወናፉን የሚነፋላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ቀድሞ አናጢ ሁሉ መሮና መጥረቢያውን ይዞ እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር፤ አፉን አግለው፣ ቀጥቅጠው ያሳሱትና ውሃ ያጠጡታል፤ ክፍያውም በአዝመራ ጊዜ በእህል ነበር። «ማረሻና ማጭድ ዛሬም ይመጣል፤ መሮ ግን ቀረ» አሉ። ቅር ብሏቸው እንደሆነ ጠየቅናቸው። ብረቱን በጉጠት ወደ ፍሙ መልሰው ትንሽ ዝም አሉ። «በፊት ስለቱን ሊያሥሉ ይመጡና ቡናዬን ሳይጠጡ ይሄዱ ነበር። አሁን እሱም ቀረ» አሉን። ቡና ተፈልቶ ነበርና ጠጣን፤ ሦስቱንም። ከመካከላችን አንዱ የመጀመሪያውን ስኒ ሲቀበል እጁ ትንሽ ማመንታቱን ሁለታችን አይተናል፤ ራሱም ይህን ጻፉት ብሎናል።

ልንሄድ ስንነሳ ስለ አናጢው መያዣ ነገርናቸው፤ እንጨቱ ውስጥ መሮውን ተጭና የምትይዝ አንዲት ጠፍጣፋ ብረት እንዳለች ገለጽንላቸው። «አውቃታለሁ» አሉ፤ «እኔ ነኝ የሠራኋት። ሁለት ጊዜ መለሳት፤ ቀዳዳዋ አልገጥም ብሎት።»

ወደ አናጢው ስንመለስ መሮውን አሳዩን። ሰማያዊው የለም፤ የክንዳቸውን ጠጉር ላጭ አድርጎ ይወስዳል። ከበፊቱ በ3 ሚሊ ሜትር አጥሯል።